ከአዋሽ እስከ ሃራ፣ በሦስት ሜትር ተኩል ላይ

ለቡ ካለው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ የቺፕውድ ጠረጴዛ ቆሟል። መጀመሪያ ላይ ላዩ ላይ የነበረው ጥቂት ነበር፤ በእርሳስ የተሰመረ መስመር፣ በጄሶ የተጀመረ ተራራ፣ አፉ ብቻ የተከፈተ ዋሻ። አራት ሆነን እሑድ እሑድ ከሰዓት እዚያ እንሰበሰባለን። የምንሠራው የባቡር ሞዴል ነው። ከአዋሽ ተገንጥሎ በሸዋሮቢትና በከሚሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልድያ አጠገብ ወዳለችው ሃራ ገበያ የሚወጣውን የሰሜኑን ቅርንጫፍ መስመር አሳንሰን ለማሳየት ነው ሐሳባችን። ሥራው ግን በክርክር ብዛት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ክርክሩም የእኛ የአራታችን ብቻ አይደለም። ነገሩን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሳይውል ሳያድር በየክርክሩ ካሉት ሁለት ወገኖች ወደ አንዱ ያደላል፤ ያደላበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ደህና ምክንያት ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልፈርድ፣ ቢያንስ ቶሎ ሳልፈርድ፣ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ላስቀምጠው።

መስመሩን ላላየ ሰው ጥቂት ልበል። ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ። ከጠቅላላው 392 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 270 ያህሉ ከአዋሽ ኮምቦልቻ ነው፤ የቀረው ከኮምቦልቻ ሃራ ገበያ። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር፣ የሚነዳው ኃይል የ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። በዚህ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር አንድ ነው፤ አዋሽ ላይ እንደ ወንዝና ገባር እንዲገናኙ ነበር የታሰበው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅም፣ የሚመረተው ዕቃ በዚሁ ሀዲድ ወደ ወደብ ይወርዳል የሚል ተስፋ ነበር። ከዚያ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ሲጠበቅ ጊዜ ሄደ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በመስመሩ ንብረት ላይም ጉዳትና ዘረፋ ደረሰ። ሀዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት ቢቆጠሩም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ቆይቷል።

እንግዲህ ሞዴል የምንሠራለት መስመር ይህ ነው።

አስቀድሞ የሚነሳውን ጥያቄ ባጭሩ ላንሳና ልለፈው። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ለትንሽ ባቡር ገንዘብና እሑድ ማጥፋት ተገቢ ነው ወይ የሚሉ አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። በሌላ በኩል ልጆቻችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩ ማንም ጊዜ አጠፋችሁ ብሎ አልወቀሳቸውም፤ እጅ እንደሚፈታ፣ ዓይን እንደሚለካ እናውቃለንና። አንድ ነገር በልክ ሲሠራ፣ የሠራው ሰው ነገሩን ከዚያ በኋላ እንደ ዱሮው አያየውም። እኔ ራሴ ለቡ ጣቢያ አጠገብ ስንት ጊዜ ሳልፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ቆሜ እቆጥራለሁ። ወጪው ከአቅም ካላለፈ፣ የቤት አስቤዛ ላይ ካልመጣ፣ ጥፋት ነው ለማለት ይከብደኛል። ከዚህ በላይ ግን አልከራከርበትም።

ከበድ ያለው ጥያቄ፣ ለምን ይህኛው መስመር ተመረጠ የሚለው ነው። ከአራታችን አንዱ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ በባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ ነው ያሳለፉት፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ገና ከመጀመሪያው አሮጌውን የጅቡቲ መስመር እንድንሠራ ነበር የፈለጉት፤ ለገሃርን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋን። ምክንያታቸውን አንድ ቀን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነገሩን፦ «የሄደ ባቡር ይሠራል እንጂ፣ ያልሄደ ባቡር ምን ተብሎ ይሠራል?»

የጋሼ ወገን ጠንካራ ነው። የአሮጌው መስመር ሥራ የተጀመረው ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ መሠረት ነው። ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም የተወለደችው በእሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመቶ ዓመት ያላነሰ ትዝታ፣ ፎቶግራፍ፣ ቃል አለው። ፉርጎ የሚለው ቃል እንኳ መስመሩን ከሠሩት ፈረንሳዮች ጋር ነው ወደ አማርኛችን የገባው፤ ለገሃርም ራሱ ጣቢያ ማለት ነው በፈረንሳይኛ። ለሞዴል ሠሪ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለ። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ ኩርባው ጠበብ ይላል፤ ጠባብ ኩርባ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ ይገባል። ከሁሉም በላይ፣ ስንሳሳት የሚያርሙን ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገ ላይኖሩ ይችላሉና የእነሱን ዕውቀት አሁኑኑ መያዝ ይገባል የሚለው ክርክር ልቤን ይነካዋል።

ከዚህ ወገን የሚጎድል ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ስለ አሮጌው መስመር የሚያወራ፣ የሚያስታውስ፣ የሚቆጭ ብዙ አለ። ስለ ሰሜኑ ቅርንጫፍ ግን በወጉ የሚያስብለት ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ወጣት ባቡር ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት የሚጨሰው ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው፤ ከመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ በሣሪስና በጎተራ በኩል ሲመላለስ እያየ ነው ያደገው። ለቡ ጣቢያ የቆመ ሰው ደግሞ ዓይኑ ሥር ያለው ሀዲድ አዋሽ ድረስ ሄዶ ከዚያ ወደ ወሎ የሚታጠፍ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ይመስለኛል። ሆኖም ይህም ወገን ድክመት አለው። የሰሜኑን መስመር ሄዶ ለመለካት መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በፈለጉት ቀን የሚኬድበት አይደለም። ፎቶግራፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙውን በግምት ለመሥራት እንገደዳለን፤ ግምት ደግሞ ሲደጋገም እውነት መስሎ ይቀመጣል።

የሰሜኑን የመረጥነው ሦስት ለአንድ ሆነን ነው። ጋሼ ተሸነፉ እንጂ አልተሳሳቱም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የልክ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ አንድ ለ87 ነው፤ የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ አንድ 25 ሜትር ተኩል የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ 29 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ መስኮቱ ይቆጠራል። መስመሩ ግን በሙሉ ይሠራ ቢባል 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ከለቡ ጣቢያ ተነስቶ ብዙ ሠፈር ያቋርጣል። የእኛ ጠረጴዛ 3 ሜትር ተኩል ነው። በትክክለኛው ልክ ከተሄደ ጠረጴዛው የሚይዘው 305 ሜትር መሬት ብቻ ነው፤ አንድ ረጅም የጭነት ባቡር እንኳ አይችልም። ከፍታውማ ከዚህ ይብሳል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ 1850 ግድም ናት፤ ልዩነቱ በዚሁ ልክ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። የሰርቪስ ክፍሏ ጣሪያ 2 ሜትር ከ60 ነው።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ ልክ ካልጠበቃችሁ ሞዴል አትበሉት፣ ሥዕል ነው። አንድ ቦታ ምረጡና እሱን ብቻ በትክክል ሥሩ። ለምሳሌ አንድ የዋሻ አፍ፣ ከፊቱ 300 ሜትር ሀዲድ፣ ስድስት ምሰሶ። የሚያይ ሰው ያየውን ያምናል። ከአራታችን የሥነ ሕንፃ ተማሪዋ በዚህ በኩል ናት፤ ትምህርት ቤት ማኬት ስትሠራ ልክ መጠበቅ የመጀመሪያው ሕግ እንደሆነ ነው የተማረችው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ቅርንጫፍ መስመር ትርጉሙ መሄዱ ነው ይላል። ከቆላ ተነስቶ ደጋ መድረሱ፣ ከግራሩ ተነስቶ ማሽላው ዘንድ፣ ከማሽላው ባሕር ዛፉ ዘንድ መውጣቱ ካልታየ ምኑን አዋሽ–ኮምቦልቻ ሆነ? ስለዚህ ርቀቱ ይጨመቅ፤ ፉርጎው በልኩ ይሁን፣ መሬቱ ግን ይጠር።

ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። መሬት ሲጨመቅ ሳይታሰብ አገር ይጨመቃል። በእርሳሱ መስመር ላይ ሸዋሮቢትና ከሚሴ በሁለት ስንዝር ተራርቀው ሳይ፣ በመካከላቸው ያለውን ሕዝብ የሰረዝነው መሰለኝ። ልክ ሲጠበቅ ደግሞ አንድ የዋሻ አፍ ይቀራል፤ የትም ሊሆን የሚችል ዋሻ። አሁን የያዝነው መንገድ በመካከል ነው። ጠረጴዛው በሦስት ተከፍሏል፤ አዋሽ፣ አንድ ዋሻ፣ ኮምቦልቻና ከእሷ በላይ ያለው። በየክፍሉ ውስጥ ምሰሶና ሕንፃ ልካቸውን ይጠብቃሉ፤ በክፍሎቹ መካከል ግን ተራራው መጋረጃ ሆኖ ርቀቱን ይሸፍናል። የተማሪዋ ቅሬታ አልጠፋም፤ ባቡሩ ዋሻ ገብቶ በሦስት ሰከንድ ኮምቦልቻ መውጣቱ አሁንም ያስከፋታል። ኩርባውንም ሳንጠቅስ ነው። ጠረጴዛው የሚችለው የ45 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ በእውነተኛው ዓለም 39 ሜትር ነው፤ እንዲህ ባለ ኩርባ ማንም የመንገደኛ ባቡር አይታጠፍም።

ከውጭ ይገዛ ወይስ እዚሁ ይሠራ የሚለውም አለ፤ እሱን ብዙ አልቆምበትም። የሚንቀሳቀሰውን ሞተርና ሀዲዱን ገዝተናል፤ ሰው ከውጭ ሲመጣ ይዞልን የመጣ ነው። የቀረውን እዚሁ እንሠራለን። ይህም ቢሆን አያስማማም። ሁሉም በእጅ ይሁን የሚለው ወገን፣ የተገዛ ሎኮሞቲቭ የእኛን ባቡር አይመስልም ሲል ልክ ነው፤ የገዛነው የሌላ አገር ቅርጽ ነውና ቀለሙን ብቻ ነው መቀየር የቻልነው። ሁሉም ይገዛ የሚለው ደግሞ፣ በእጅ የተሠራ ሞተር ከሀዲድ እየወጣ ልጆችን ከሚያሰለች የተገዛው ይሻላል ሲል እሱም ልክ ነው።

በእጅ የሚሠራው ምን እንደሚመስል ግን አንድ ነገር ላሳይ። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። ተማሪዋ መዳብ ሽቦውን ያገኘችው ምናለሽ ተራ ከተገዛ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ውስጥ ነው። ሽቦውን በሁለት ጉጠት ይዛ እየሳበች ታቃናዋለች፤ ከዚያ ቋሚውን ሚስማር በተመታበት እንጨት ላይ አስተኝታ፣ ክንዱን አግድም አድርጋ፣ መገናኛው ላይ ስታኞ ታንጠባጥባለች። ጭንቁ ጊዜው ላይ ነው። የብየዳው ብረት አንድ አፍታ ከቆየ ሙቀቱ በሽቦው ይሄድና ቀድሞ የተበየደው ክንድ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ምሰሶ አምስት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች። በእውነተኛው መስመር ምሰሶ ከምሰሶ ይራራቃል የተባለውን 50 ሜትር ብንይዝ፣ በእኛ ጠረጴዛ 57 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በጠረጴዛው ርዝመት ስድስት ምሰሶ ይበቃናል። ስድስቱን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀባት።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። ሞዴሉ የሚያሳየው መስመሩን አሁን እንዳለው ነው ወይስ እንደታሰበው? በሌላ አነጋገር፣ ባቡሩ በሰሜኑ ቅርንጫፍ ላይ ይሂድ ወይስ አይሂድ?

አራተኛዋ ከእኛ ጋር ያለችው ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ጀሞ የምትኖር ሴት ናት። በዕድሜ ከተማሪዋ እናት ጋር እኩያ ስለሆነች ልጅቱ እትዬ ትላታለች። ይህ ጥያቄ መጀመሪያ የተነሳ ቀን እትዬ ምንም አላለችም። ተማሪዋ ግን፣ ሐቁን ማሳየት አለብን፣ በሀዲዱ መካከል ሣር ይብቀል፣ ምሰሶው ላይ ያለው ሽቦ አንድ ቦታ ይበጠስ፣ ባቡሩ አዋሽ ላይ ዞሮ ይመለስ ስትል፣ እትዬ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«እኔ የምፈልገው ሲሄድ ማየት ነው» አለች። «ቆሞማ እዚያው አለ።»

«እትዬ፣ ሲሄድ ካሳየን እኮ ያየ ልጅ ሁሉ ይሄዳል ብሎ ያምናል።»

«ይመን። ማመኑ ምን ይጎዳዋል?»

ጋሼ በዚህ መካከል ገብተው የተናገሩት ነገር ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። እሳቸው በልማድ ሀዲድ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት አናቱን ነው። ባቡር የሚመላለስበት ሀዲድ አናቱ እንደ ቢላ ያበራል፤ መንኮራኩሩ ነው የሚያጥበው። ባቡር ያልሄደበት ሀዲድ አናቱም ጎኑም አንድ ዓይነት ነው፤ ቡናማ። «ሣሩን ተዉት፣ ሽቦውንም ተዉት» አሉ። «የባቡር ሰው ሞዴላችሁን ሲያይ የሀዲዱን አናት አይቶ ያውቃል። እሱን ነው መወሰን ያለባችሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከሐሳብ ወጥቶ እጅ ላይ ወደቀ። ትንሿ ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪኳን የምትቀበለው በ12 ቮልት ከሀዲዱ አናት፣ በመንኮራኩሯ በኩል ነው። አናቱ ንጹሕ ካልሆነ አትሄድም። ዝገት የሚመስል ቀለም ከቀባነው ደግሞ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ቆመች ማለት ነው። እውነቱን ያሳየ ሀዲድ ባቡር አያስኬድም፤ ባቡር የሚያስኬድ ሀዲድ እውነቱን አያሳይም።

የተማሪዋን ወገን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ቶሎ ሲሰሙት ተስፋ የቆረጠ ሰው ሐሳብ ይመስላል፤ አይደለም። እሷ የምትለው፣ የሆነውን ነገር ሳያሳዩ ማለፍ በመስመሩ ላይ የሠሩትንም፣ በጦርነቱ የተጎዱትንም መርሳት ነው። በሺህ የሚቆጠር ቶን ብረት በተነጠፈበት ቦታ ዝምታ መኖሩ ራሱ የአገር ታሪክ ነው። የሚሄድ ባቡር ብናሳይ ያ ታሪክ ይደመሰሳል። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሸር ውስጥ ፔንደን የሚባል የሞዴል ሙዚየም አለ። መሥራቹ ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደዚያ አካባቢ ሄዶ አሮጌዎቹ የሣር ክዳን ቤቶች ሲፈርሱ አየና፣ ከመጥፋታቸው በፊት በትንሹ ሊያቆያቸው ተነሳ። እያንዳንዱ ቤት በእውነት የነበረ ቤት ነው። የዚያ ሥራ ክብር ያለው በታማኝነቱ ነው፤ ተማሪዋም የምትፈልገው ይህን ታማኝነት ነው።

የእትዬም ወገን ግን እንዲሁ በስሜት ብቻ የቆመ አይደለም። እሷ የምትለው፣ መስመሩ የተሠራው ለመሄድ ነው፤ ንድፉ፣ ዋሻው፣ ምሰሶው ሁሉ ያንኑ ይናገራል። የቆመውን ብቻ ማሳየት የመስመሩን ግማሽ እውነት መናገር ነው። ደግሞም የሚጎዳው ማን ነው? የኮምቦልቻ፣ የከሚሴ፣ የሸዋሮቢት ሰው አዲስ አበባ መጥቶ፣ አገሩን በጠረጴዛ ላይ ሲያገኛት፣ ሽቦዋ ተበጥሶ፣ ሣር በቅሎባት ቢያይ ምን ይሰማዋል? ያየውን ቁስል ደግመን ለምን እናሳየው? በዚያው በፔንደን ሙዚየም ውስጥ ጆን አኸርን የሚባል ሰው የሠራው ማደር ቫሊ የተባለ ሌላ ሞዴልም ተጠብቆ ይገኛል፤ እሱ ግን በዓለም ላይ ያልነበረ፣ ከሐሳብ የወጣ መስመር ነው። ሐምቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ግዙፉ ሚኒያቱር ቩንደርላንድም እንዲሁ እውነተኛ ቦታዎችን ከክኑፊንገን ጋር፣ የትም ከሌለች ከተማ ጋር፣ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ያልሆነውን ማሳየት በራሱ ውሸት አይደለም፤ ያልሆነ መሆኑ ከታወቀ።

ያልሆነ መሆኑ ከታወቀ የሚለው ላይ ነው እኔ የቆምኩት። ማደር ቫሊን የሚያይ ሰው ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል። የእኛን ጠረጴዛ የሚያይ የአሥር ዓመት ልጅ ግን አዋሽ የሚል ጽሑፍ ያነባል፣ ኮምቦልቻ የሚል ጽሑፍ ያነባል፣ ባቡሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ያያል፤ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ባቡሩ ኮምቦልቻ ይሄዳል ቢላት ጥፋቱ የእኛ ነው። በሌላ በኩል ባቡሩ ፈጽሞ ባይሄድ፣ ያው ልጅ ሁለተኛ ቀን አይመጣም፤ መስመር መኖሩንም ይረሳዋል። ሁለቱን አመዛዝኜ፣ እርግጠኛ ነኝ ለማለት ባልደፍርም፣ ሊሄድ የሚችል ግን በቀላሉ የማይሄድ ባቡር ይሻላል ወደሚለው አዘነበልኩ።

መንገዱን ያገኙት ጋሼ ናቸው። በቀለም ፋንታ ቀይ ጡብ ፈጭተን፣ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ አርሰን የሀዲዱን አናት ብናሽስ? ሲደርቅ ዝገት ይመስላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል። በዋናው መስመር ላይ፣ ማለትም በጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ባለው በአዲስ አበባ–ጅቡቲው ሀዲድ ላይ፣ አናቱ ሁልጊዜ ያበራል፤ ባቡሩ እዚያ ያለ ምንም ማብራሪያ ይመላለሳል። አዋሽ ላይ የሚገነጠለው ቅርንጫፍ ግን የጡብ ዱቄቱን ለብሶ፣ ለብቻው በሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ተዘግቶ ይቀመጣል። ባቡሩ ወደ ኮምቦልቻ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ጨርቁን ይዞ ከአዋሽ ጀምሮ ሀዲዱን ራሱ ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ ምን እንደተነጠፈ፣ ምን እንደተጓደለ እንነግረዋለን። ባቡሩ ወጥቶ ይወርዳል። ስንዘጋ ዱቄቱን እንመልሳለን።

ለሁለት እሑድ ሞክረነዋል። ደካማ ጎኑም ወዲያው ታየ። የጡብ ዱቄት በመንኮራኩሩ ላይ ይጣበቅና ዋናው መስመር ላይ እንኳ ባቡሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ በየጊዜው በአልኮል መጥረግ ግድ ሆኗል። ተማሪዋ፣ ከጠረግነው በኋላ የሚያበራው አናት ለደቂቃዎችም ቢሆን ያልሆነውን ይናገራል ትላለች። እትዬ ደግሞ ዱቄቱ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ አትቆይም፤ ውጭ ወጥታ ቡና ታቀራርባለች። ሁለቱንም ቅሬታ የሚያጠፋ ሐሳብ አላገኘሁም፤ ሁለቱም ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ያልተስማማንበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው፣ ወደ ሃራ የሚሄደው የመጨረሻው 60 ሳንቲ ሜትር። ጋሼ፣ እሱስ የሚታጠብ ሳይሆን የማይለቅ ቀለም ይቀባ ብለው ቡናማውን ቀለም ከነብሩሹ አምጥተዋል። ባለፈው እሑድ ከሃራው ጫፍ ጀምረው እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ አንድ ስንዝር ያህል ቀቡ። ከዚያ እትዬ ከጎናቸው መጥታ ቆመች። ምንም አላለችም፤ ጨርቁን ብቻ ኮምቦልቻ ላይ፣ በሀዲዱ አናት ላይ አኖረችው። ጋሼ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋድመው አስቀመጡና፣ «እስቲ የሚቀጥለው ሳምንት እንየው» አሉ።